«አውሮፕላኑ» ከየት ነው የሚነሳው? ከኮምቦልቻ ለመጣ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፦

«ሰላም ጋሼ። የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። የ22 ዓመት ታናሽ ወንድሜ ፋብሪካ ተቀጥሮ ይሠራል። ከሁለት ወር ወዲህ በስልኩ የአውሮፕላኑን ጨዋታ ይጫወታል። ሊንኩን ከቴሌግራም ነው ያገኘው፤ አፑንም የጫነው ከዚያው ከላኩለት ፋይል ነው። መጀመሪያ 1,500 ብር በልቶ እውነትም ገባለት። ከዚያ ወዲህ ደመወዙን እያስገባ ተበላ። አሁን ሒሳቡ ላይ 18,400 ብር እንዳለው ያሳየዋል፤ ላውጣ ሲል ግን ‹መጀመሪያ የግብር 2,760 ብር ላክ› አሉት። ጓደኛው ደግሞ ‹የገባኸው ፎርጅድ ጌም ላይ ነው፤ ኦሪጅናሉ ላይ ብትሆን ታሸንፍ ነበር› ይለዋል። የጨዋታ ፎርጅድ አለ እንዴ? በምን ይለያል? ገንዘቡስ ይወጣል ወይ?»

አብሽሪ እህቴ። ብዙ የምጽፍልሽ አለኝ፤ ከሁሉ በፊት ግን 2,760 ብሩን እንዳይልክ። ይህን እንዳነበብሽ ደውለሽ ንገሪው፤ ሌላውን ቆይተሽ ታነቢዋለሽ። የዕድል ጨዋታ ያሸነፈ ሰው ግብር ካለበት የሚወሰደው ከሚከፈለው ላይ ተቀንሶ ነው። ከፋዩ ቀንሶ ለመንግሥት ያስገባል፤ አሸናፊውን «አስቀድመህ ላክልኝ» የሚል ደንብ የለም። ወንድምሽ በእርግጥ 18,400 ብር ቢኖረው ኖሮ 2,760ውን ከዚያው ላይ ማስቀረት ምን ይከብዳቸው ነበር? ያላስቀሩት የሚቀነስበት ገንዘብ ስለሌለ ነው። ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር አንድ ሰው ተቀምጦ የጻፈው ቁጥር ነው። ቢልክላቸውም በዚያ አያበቃም። «የማረጋገጫ»፣ «የሒሳብ ማስከፈቻ» እየተባለ ይቀጥላል። እንዲህ ያለ መልእክት ይዘው ከመጡ ሰዎች ስልክ ላይ እስከ አራተኛና አምስተኛ ክፍያ ድረስ የሄደ አይቻለሁ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። አዎ፣ የጨዋታ ፎርጅድ አለ። ሥራዬ የድረ ገጽና የአፕ ደህንነት መፈተሽ ነውና ከእነዚህ ብዙ በእጄ አልፈዋል። ፎርጅድ ሲባል ሰው ገበያ ላይ የሚያየው ጫማ ወይም ቻርጀር ትዝ ይለዋል፤ ጥራቱ ዝቅ ይላል፣ ቶሎ ይበላሻል፣ ግን ይሠራል። በዚህ መልኩ ማሰቡ ነው ብዙ ልጆችን የጎዳው። ፎርጅድ ጫማ ቢያንስ ጫማ ነው። ፎርጅድ የቁማር ጨዋታ ግን ቁማር እንኳ ለመባል አይበቃም። ቁማር ሲሆን ሰው ከዕድል ጋር ነው የሚጋጠመው። እዚህ ወንድምሽ የተጋጠመው ያስያዘውን ብር ካየ በኋላ ውጤቱን ከሚወስን ሰው ጋር ነው።

ትክክለኛው አሠራር ሦስት ወገን አለው። ጨዋታውን የሚሠራ ኩባንያ አለ፣ ጨዋታውን ተከራይቶ ደንበኛ የሚያስተናግድ አቋማሪ ድርጅት አለ፣ ከዚያ ተጫዋቹ። የአውሮፕላኑ ኦሪጅናል አቪዬተር ይባላል፤ ስፕራይብ የተባለ የጆርጂያ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው ነው። ተጫዋቹ ብር ያስይዛል፤ አውሮፕላኑ በበረረ ቁጥር ከ1 የሚነሳው ማባዣ ቁጥር ይጨምራል። ሳይወድቅ ካሽ አውት ካደረገ፣ ማለትም ከወጣ፣ ያስያዘው በዚያ ቁጥር ተባዝቶ ይከፈለዋል፤ ቀድሞት ከወደቀ ያስያዘው ይበላል። አቋማሪው ጨዋታውን በራሱ ገጽ ላይ ያሳያል፣ ጨዋታው የሚካሄደው ግን በአምራቹ ሰርቨር፣ ማለትም በራሱ በአምራቹ ዋና ኮምፒውተር፣ ላይ ነው። ብር የሚቀበለውም የሚከፍለውም አቋማሪው ነው። አውሮፕላኑ የት ላይ እንደሚወድቅ ግን እጁ አይደርስበትም። የታወቁ አምራቾች የዕጣ ማውጫ ፕሮግራማቸውን ለገለልተኛ ፈታሾች ሰጥተው ያስመረምራሉ፤ በዓለም ላይ ስማቸው የሚነሳው ጂኤልአይ፣ ቢኤምኤም፣ አይቴክ ላብስ እና ኢኮግራ ናቸው።

ፎርጅድ ሠሪው ከዚህ ሁሉ የሚወስደው ሥዕሉን ነው። ቀዩን አውሮፕላን፣ ጥቁሩን ሰሌዳ፣ ድምፁን፣ የቁጥሩን አጻጻፍ ይገለብጣል። ሞተሩን ራሱ ይሠራል፤ ወይም ተሠርቶ የሚሸጥ ኮድ ገዝቶ በራሱ ሰርቨር ላይ ይጭናል። እንግዲህ አውሮፕላኑ የሚነሳው ከአምራቹ ሰርቨር መሆኑ ቀርቶ ከእሱ ቤት ሆነ ማለት ነው። ስሎት በሚባሉት፣ ሥዕሎች እየተሽከረከሩ በሚገጣጠሙባቸው የቁማር ጨዋታዎችም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ኔትኤንትና ኖቮማቲክ የተባሉ የታወቁ አምራቾች ጨዋታዎች ፎርጅድ ቅጂዎች በተወሰኑ የኢንተርኔት ካሲኖዎች ላይ ሲሠሩ ተገኝተው ብዙ አነጋግሮ ነበር። ያን ጊዜ የተነቃባቸው ጨዋታው የሚጫነው ከአምራቹ አድራሻ አለመሆኑ ታይቶ ነው። ዛሬም እኔ አንድ ጨዋታ ስመረምር መጀመሪያ የማየው ይህንኑ ነው፤ ኮምፒውተር ላይ ገጹን ከፍቼ ከጀርባ ያለው ግንኙነት ወደ የትኛው አድራሻ እንደሚሄድ አያለሁ። ሥዕሉን ለማየት ጊዜ አላጠፋም፤ ሥዕሉ ሁልጊዜ ይመሳሰላል።

አንቺ ግን ኮምፒውተር ላይ ተቀምጠሽ የሰርቨር አድራሻ አትመረምሪም። ስለዚህ በዓይን የሚታይ አንድ ነገር ላሳይሽ።

ባለፈው ክረምት ደሴ ፒያሳ አካባቢ የወዳጄ የስልክ ጥገና ቤት ተቀምጠን ነበር። ጉሙ ከጦሳ ወርዶ መንገዱን ሸፍኖታል፤ ደንበኛ የለም። አንድ ልጅ ስልኩን ይዞ ገባና «ይሄ ነገር ይበላኛል፣ ስልኩ ይሆን እንዴ?» አለ። ኔትወርኩ እየዘገየበት ካሽ አውት ሳያደርግ የሚወድቅ መስሎታል። በእኔ ስልክ በዚያው ሊንክ ገብቼ ባዶ ሒሳብ ከፈትኩ። ሁለቱን ስልኮች ቻርጀር በሚደረደርበት መስታወት ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥናቸው። ከላይ የዙሩ ቁጥር አለ፤ በሁለቱም ስልክ አንድ ነው። እሱ 50 ብር አስያዘ። በእሱ ስልክ አውሮፕላኑ 1.02 ላይ ወደቀ። በእኔው ላይ መብረሩን ቀጠለ፤ 2ን አለፈ፣ 4ን አለፈ፣ 6.41 ላይ ወደቀ። የዙሩ ቁጥር ግን አሁንም አንድ ነው።

ደገምነው። ገንዘብ ባላስያዘባቸው ዙሮች ሁለቱ ስልኮች አብረው ይበራሉ፣ አብረው ይወድቃሉ። ሲያስይዝ ይለያያሉ። በኦሪጅናሉ በአንድ ድርጅት ገጽ ላይ ያለ ዙር የሁሉም ተጫዋች ዙር ነው፤ አንዱ ጋ 1.02፣ ሌላው ጋ 6.41 ሊሆን አይችልም። ልጁ ምንም አልተናገረም። ስልኩን አንስቶ መስታወቱ ላይ ደፋው።

ይህን ሙከራ አንቺም ማድረግ ትችያለሽ፤ ግን ምንም አዲስ ገንዘብ ሳይገባበት፣ ወንድምሽ ስክሪኑ ላይ ካለው ቁጥር ብቻ እያስያዘ፣ አፑንም በአንቺ ስልክ ላይ ሳትጭኚ። በዚያ ቀን እኔ የተጠቀምኩት ለምርመራ ብቻ የማስቀምጠውን፣ ሲምም የባንክ አፕም የሌለበትን ስልክ ነበር። ደግሞ ሁለቱ ስልኮች አንድ ዓይነት ውጤት ስላሳዩ ብቻ ጨዋታው ኦሪጅናል ነው ማለት አይደለም። ከተለያዩ ግን ጉዳዩ ያለቀለት ነው።

ሁለተኛው መለያ ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። ዕቁብ ላይ ዕጣ ሲወጣ ወረቀቱ በሁሉም ፊት ተጠቅልሎ ነው ዕቃው ውስጥ የሚገባው። ዳኛው ብቻውን ጓዳ ገብቶ «የእገሌ ወጣ» እያለ ቢመለስ ማንም አይቀበለውም። አቪዬተርም የራሱ ጥቅልል አለው። ዙሩ ከመጀመሩ በፊት ሰርቨሩ አንድ ምስጢር ያዘጋጅና የታሸገ መልኩን፣ ሃሽ የሚባለውን፣ አስቀድሞ ይሰጣል። ከዚያ በዙሩ መጀመሪያ ላይ ካስያዙ ሦስት ተጫዋቾች የሚመጣ ቁጥር ይደባለቅበታል፤ ኤስኤችኤ-512 በሚባል ስሌት አልፎ ውጤቱ ይወጣል። ዙሩ ሲያልቅ ጥቅልሉ ይፈታል፤ ስሌቱን የሚያውቅ ሁሉ መልሶ ሠርቶ ማመሳከር ይችላል። ከምስጢሩ አንዲት ፊደል ብትቀየር የሚወጣው 128 ፊደልና ቁጥር ከሥሩ ይለወጣል፤ ስለዚህ ካሸጉ በኋላ መለወጥ ያስነቃል። ያለፈውን ዙር ሲነኩ የሚመጣው አረንጓዴ ጋሻ የዚህ ማሳያ ነው።

በልጁ ስልክ ላይም ጋሻው ነበረ። ነካሁት፤ ረጅም የፊደልና የቁጥር መስመር መጣ። ፎቶ አነሳሁት። በማግስቱ ሌላ ዙር ላይ ያንኑ ጋሻ ስነካ ያንኑ መስመር አገኘሁ፤ አንድም ፊደል አልተለወጠም። መስመሩ ጋሻው ላይ የተለጠፈ ጽሑፍ ነበር።

እዚሁ ላይ ስለ ፕሪዲክተር ልናገር፣ ወንድምሽም ሳይደርሰው አይቀርምና። «ቀጣዩ ዙር የት እንደሚወድቅ እንነግርሃለን» የሚሉ አፖችና የቴሌግራም ቻናሎች አሉ። በኦሪጅናሉ ላይ ይህ ሊሆን አይችልም፤ ምስጢሩ ገና አልተፈታም፣ ሦስቱ ተጫዋቾችም እነማን እንደሚሆኑ አልታወቀም። ልጆቹ ግን «ሁለቴ ሠርቶልኛል» ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። ውጤቱን የሚጽፈው ሰውና ሲግናሉን፣ ማለትም ትንበያውን፣ የሚሸጠው ሰው አንድ ከሆኑ ሁለቴም ሦስቴም ይሠራል። ትልቁን ብር እስኪያስይዙ ድረስ ይሠራል። የወንድምሽ 1,500 ብርም ከዚሁ ወገን ይመስለኛል። ያ ገንዘብ ለእነሱ ወጪ አልነበረም፤ ደመወዙን ለመሳብ የተጣለ ማጥመጃ ነው።

ጓደኛው ለተናገረው ቃል ከሁሉ የበለጠ ጊዜ መስጠት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ወንድምሽ ከዚህ አፕ ቢወጣ እንኳ ወደ ቀጣዩ የሚያስገባው እሱ ነው። የአቪዬተር ተመላሽ 97 ከመቶ ነው። ይህ ማለት ሁሉም ሰው ካስያዘው ብር ላይ በረጅም ጊዜ አማካይ ከ100 ብር 97 ብሩ ይመለሳል፣ 3 ብሩ ለቤቱ፣ ለአቋማሪው ወገን፣ ይቀራል ማለት ነው። ሦስት ብር ትንሽ ትመስላለች። አሁን እንቁጠራት። ወንድምሽ በየዙሩ 10 ብር ቢያስይዝ፣ በደቂቃ ሁለት ዙር ቢጫወት፣ በሁለት ሰዓት 240 ዙር ይሆናል። 2,400 ብር አስያዘ ማለት ነው። ከዚያ ላይ ቤቱ በአማካይ 72 ብር ይወስዳል። ከፋብሪካ ወጥቶ እያንዳንዱን ማታ እንዲህ ቢያሳልፍ በወር 2,000 ብር አለፈ። ይህ እንግዲህ ማንም ሳያታልለው፣ በኦሪጅናሉ ላይ ነው። አንድ ማታ ይበላል፣ አንድ ማታ ይበላበታል፤ ዙሩ በበዛ ቁጥር ግን ወደዚያ አማካይ ይጠጋል። «ኦሪጅናሉ ላይ ብትሆን ታሸንፍ ነበር» የሚለው ሐሰት ነው። ኦሪጅናሉ የሚሰጠው በሚታወቅ ልክ መበላትን ነው።

ፎርጅዱ ላይ ልኩን የሚያስተካክለው ባለቤቱ ነው። 85 ላይ ቢያደርገው ያው ማታ 360 ብር ይሄዳል፤ 70 ላይ ቢያደርገው 720። ታዲያ ተጫዋቹ እንዴት አይነቃም? በ2 እጥፍ ላይ ካሽ አውት የሚያደርግ ሰው በኦሪጅናሉ ከ100 ዙር ወደ 48 ወይም 49 ይበላል፣ 85 ላይ በተስተካከለው ደግሞ 42 ወይም 43። ሃያ ዙር ለተጫወተ ሰው ልዩነቱ አንድ ዙር ገደማ ነው። አንድ ዙር ደግሞ «ዛሬ ዕድሌ አልነበረም» ከማለት አያልፍም። የዚያን ማታ 240 ዙር አንድ በአንድ በወረቀት ቢመዘግብ እንኳ ከዚያ ተነስቶ እርግጠኛ መሆን አይችልም፤ ያን ያህል ልዩነት በተራ ዕድልም ይመጣል። ቶሎ ቶሎ መውደቁም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ በኦሪጅናሉም ከአራት ዙር አንዱ ገደማ 1.30 ሳይደርስ ይወድቃል። ስለዚህ «እኔ ፎርጅዱን በስሜት እለየዋለሁ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትመኑት። በስሜት የሚለይ ነገር አይደለም።

ስለ ስሎትም አንድ ቃል ልጨምር። እዚያ ሕጋዊ አምራቾች ራሳቸው አንዱን ጨዋታ በተለያየ ተመላሽ ለአቋማሪዎች ያከራያሉ፤ አንዱ ቤት ወደ 96 ከመቶ፣ ሌላው ወደ 94። ስሙም ሥዕሉም አንድ ነው። የጨዋታውን መመሪያ ከፍቶ ቁጥሩን ያነበበ ሰው ብቻ ያውቀዋል። ፎርጅዶቹ ላይ ይህ ገጽ ብዙ ጊዜ ጭራሽ አይኖርም።

የተቀሩትን ምልክቶች ባጭሩ ልለፍባቸው፣ አንቺም ሳታውቂያቸው አልቀረሽምና። ገንዘቡ የሚላከው ወዴት ነው? ፈቃድ ያለው ድርጅት በድርጅቱ ስም በተከፈተ ሒሳብ ይቀበላል። የግለሰብ ስልክ ቁጥር የሚሰጡ ከሆነ፣ ያውም እየተቀያየረ ከሆነ፣ ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም። ገጹ ግርጌ ላይ የሚለጠፈው የፈቃድ ወረቀትና ማኅተም ማንም ከኢንተርኔት አውርዶ የሚለጥፈው ፎቶ ነው። ማጣራት የፈለገ ሰው በተለምዶ ብሔራዊ ሎተሪ የምንለውን ተቋም ይጠይቅ፤ በቴሌግራም ከሚያወራው «ኤጀንት» ማረጋገጫ አይቀበል። የአሸናፊዎች ስም እየተንከባለለ የሚያልፍበት ዝርዝርና ቻቱ ላይ «ወጣልኝ፣ ተመስገን» የሚሉት ሰዎችም በፕሮግራም የሚጻፉ ሊሆኑ ይችላሉ። በልጁ አፕ ላይ ኔትወርኩን ስናጠፋው እንኳ «አሸናፊዎቹ» መምጣታቸውን አላቆሙም ነበር።

ከገንዘቡ እኩል የሚያሳስበኝ ስልኩ ነው። አፑን የጫነው ከፕሌይ ስቶር ውጭ በተላከለት ፋይል ነው ብለሻል፤ ኤፒኬ የሚባለው የአንድሮይድ አፕ መጫኛ ፋይል መሆኑ ነው። እንዲህ ያሉ ፋይሎች ሲጫኑ የሚጠይቁት ፈቃድ አለ። አጭር መልእክት የማንበብ ፈቃድ ከሰጠው ከባንክና ከሞባይል ገንዘብ የሚመጣለትን የማረጋገጫ ኮድ ሌላ ሰው ያነበዋል። «ተደራሽነት» በሚለው ማስተካከያ ውስጥ ከገባ ደግሞ ስክሪኑ ላይ ያለውን ሊያይ፣ በእሱ ፈንታ ሊነካ ይችላል። መታወቂያውን በሁለት ገጽ አንስቶ፣ ከፊቱ ጋር ይዞ ፎቶ ልኮላቸው እንደሆነም ጠይቂው። ልኮ ከሆነ በስሙ ሌላ ሒሳብ ሊከፈትበት ይችላል፤ ያ ሒሳብ ደግሞ ነገ የሌላ ተጎጂ ገንዘብ የሚላክበት ሊሆን ይችላል። ፖሊስ ጋ ሄዶ ማስመዝገቡ ገንዘቡን ባያስመልስ እንኳ ለዚህ ይጠቅመዋል።

ገንዘቡ ይወጣል ወይ ላልሽው፣ 18,400 ብሩ አይወጣም፤ ኖሮ አያውቅም። ወንድምሽ ከደመወዙ የላከው ግን እውነተኛ ገንዘብ ነው። የላከበት የግብይት ቁጥር ስላለ መከታተያ አለው። በቶሎ ለላከበት የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት ወይም ባንክ ያሳውቅ። የተላከለት ሒሳብ ላይ ገንዘብ ቀርቶ ከተገኘ የማገድ ዕድል አለ፤ በቀናት ከዘገየ ግን አብዛኛውን ጊዜ ወጥቶ ያልቃል። በኮምፒውተር አማካኝነት ማታለል በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስቀጣ ወንጀል ነው፤ ስለዚህ ፖሊስ ጋ ሲሄድ «ቁማር ተበላሁ» ብሎ ሳይሆን የግብር ብር ላክ የተባለበትን መልእክት ይዞ፣ «ተታለልኩ» ብሎ ይግባ። ከአሁን በኋላ «ገንዘብህን እናስመልስልሃለን» የሚል ሰው በቴሌግራም ይመጣበታል፤ ቁጥሩ በእጃቸው ነውና እነዚያው ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ለእነሱም አንድ ብር እንዳይልክ።

አንድ የምለምንሽ ነገር አለ። ይህን ሁሉ ስትነግሪው ሰው ፊት አይሁን፣ እናታችሁ ፊትም አይሁን። እንዲህ ያለ ነገር የደረሰባቸው ልጆች ገንዘቡን ከማጣታቸው ይልቅ «ቂል» መባላቸውን ፈርተው ነው ተጨማሪ የሚልኩት፤ የጎደለውን ሞልተው ሳይታወቅባቸው ለመውጣት። በጥገና ቤቱ የነበረው ልጅ ስልኩን ከደፋ በኋላ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ለቤት ሰው ይታወቃል?» አለኝ።

ዛሬ ማታ የምታደርጉት እንዲህ ይሁን። የሞባይል ገንዘቡን ምስጢር ቁጥር ከሌላ ንጹሕ ስልክ ይቀይር። በአንቺ ስልክ የአፑን ሒሳብ፣ የግብር መልእክቱን፣ የቴሌግራም ንግግሩን ከላይ እስከ ታች፣ የላከባቸውን ቁጥሮችና የግብይት ቁጥሮች ሁሉ ፎቶ አንሺ። ከዚያ አፑን ያጥፋው፤ ስልኩን ከፋብሪካ እንደወጣ ወደነበረበት ሁኔታ ቢመልሰው (ፋክተሪ ሪሴት) ደግሞ የተሻለ ነው። ግን እንዳትቀድሙ፦ ፎቶው ሁሉ ተነስቶ ሳያልቅ እንዳያጠፋው። ቴሌግራሙ ላይ ያለውን ንግግር እነሱም ከወዲያ በኩል ማጥፋት ስለሚችሉ ከዚያ ጀምሩ።